በቀዳዳ የምትታይ ታንኳ፦ ተመልካችን መከልከል እንዴት ይሠራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሥዕል ነው የተማርኩት። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ግቢ ሰፊ ክፍል ለጥቂት ሳምንታት አግኝቻለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መሀሉ ላይ ከደንገል የተሠራች እውነተኛ ታንኳ ላስቀምጥ ነው። ሰው ግን ገብቶ እንዲያያት አልፈልግም። በሩ ተዘግቶ በቀዳዳ ብቻ እንዲያይ ነው ሐሳቤ። ጓደኞቼ ‹ሰው ተሸወድኩ ይላል› አሉኝ። አንዱ ደግሞ ‹የፈረንጅ ኮፒ ነው› አለኝ። እውነታቸውን ነው? ብሠራውስ እንዴት ላድርገው?»

እህቴ፣ ሥሪው። ጓደኞችሽ ካሉሽ አንዱ ስህተት ነው፣ ሌላው ግን በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

ከስህተቱ ልጀምር። «የፈረንጅ ኮፒ» የሚለው ነገር ጣና ዳር ቁጭ ብለው የሚያወሩት አይደለም። በጀልባ ዘጌ ተሻገሪና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተመልከቺ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀል ላይ መቅደስ። የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። ግን አንድ ቦታ ቆመሽ አራቱንም ግድግዳ ማየት አትችዪም። መዞር አለብሽ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ወደ ኋላ ርቀሽ ሙሉውን ልታዪም አትችዪም፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ቁራጭ በቁራጭ ነው የምታዪው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሥዕሉ ራሱ መጋረጃ አለው። ውስጥ መቅደሱ ከካህናት በቀር አይገባበትም። ታቦቱን ምእመን አያየውም። በጥምቀት ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ በካህኑ ራስ ላይ ነው የሚወጣው። ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ያጅበዋል። ማንም «አላየሁትም፣ ተሸወድኩ» ብሎ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ለምን አይልም? የተሸፈነው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለምን እንደተሸፈነም ያውቃል። የማያየውም ሰው የሚሠራው ሥራ አለው፦ ይዘምራል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ይህን ያዢልኝ፤ ወደ ታንኳሽ ስንመለስ ይጠቅመናል።

አደራ፣ መጋረጃውንና መስቀሉን ወስደሽ ክፍልሽ ውስጥ አትስቀዪ። ያ ሥርዓተ እምነት እንጂ የማስደመሚያ ዘዴ አይደለም። የምትወስጂው ነገር ካለ የአሠራሩን ብልኀት ብቻ ይሁን።

አንድ ሌላ የክልከላ ዓይነት ደግሞ አለ። የጣና ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እዚህ ጋ ጥያቄው «ምን ይታያል?» ሳይሆን «ማን ያያል?» ነው። በዘመናዊው ጥበብ ይህን ጥያቄ በፖለቲካ መልኩ ያነሳው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ሲዬራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢዬናሌ፣ የአገሩን ፓቪሊዮን (የማሳያ ሕንፃ) ዋና መግቢያ ግንብ ገንብቶ ዘጋው። በጓሮ በር መግባት የሚችለው ስፔናዊ መሆኑን በሰነድ ያሳየ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ጠባቂ ነበር። የገባውም ሰው ያን ያህል የሚያየው ነገር አላገኘም። ኤምባሲ በር ላይ ለቪዛ ተሰልፎ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ ሥራ ሳይብራራለት ይገባዋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ይህን ወስኚ። የምትከለክዪው ሁሉንም ሰው እኩል ነው ወይስ አንዱን ከሌላው ለይተሽ? ቀዳዳሽን 1 ሜትር ከ60 ላይ ብትበሺ፣ ሳታስቢው ሕፃናትን፣ አጭር ሰውንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ከልክለሻል ማለት ነው። ያ ክልከላ የአንቺ ሐሳብ ካልሆነ እዚያ ምን ይሠራል?

አሁን «ሰው ተሸወድኩ ይላል» ወደሚለው እንምጣ። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ አንድ ነው። ግድግዳውን በሐሳብሽ አፍርሺው። ታንኳዋ ወለል ብላ ታየች። ሥራው ምን ጎደለበት? ምንም ካልጎደለበት ግድግዳው ጌጥ ነበር፤ ሰውም ተሸወድኩ ቢል እውነቱን ነው። የአንቺ ነገር ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። ባሕር ዳር ሰው ታንኳ ለማየት ቀዳዳ አያሻውም። ጠዋት ሐይቁ ዳር መቆም ይበቃዋል፣ ያውም በነፃ። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የማይገኝ አተያይ መስጠት አለብሽ። ታንኳን ሁላችንም ስላየናት ማናችንም ነገሬ ብለን አናያትም። ደንገሉ የት ላይ እንደታሰረ፣ ጫፉ እንዴት ተሰብስቦ ወደ ላይ እንደቀና፣ ውኃ የጠጣው ከደረቁ በቀለም እንዴት እንደሚለይ ከባሕር ዳር ልጆች ስንቱ ይነግርሻል? ዓይንን ወደዚያ ጎትቶ የሚያሳርፍ ክልከላ ከሆነ ግድግዳሽ ሥራ አለው።

በቀዳዳ ማየትን ጥግ ያደረሰው ፈረንሳይ የተወለደው የጥበብ ሰው ማርሴል ዱሻምፕ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሁሉ ጥበብን ትቶ ቼዝ ላይ ወድቋል ብሎ ሲያስብ፣ እሱ ከ1946 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አንድ ሥራ በምስጢር ሲሠራ ነበር። የሞተው በ1968 ነው። ሥራው በዓመቱ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተተክሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ክፍሉ ስትገቢ የምታዪው ከስፔን የመጣ አሮጌ የእንጨት በር ነው፣ እጀታ የለውም። ብዙ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። የቀረበ ሰው ግን በዓይን ቁመት ሁለት ቀዳዳዎች ያገኛል። በዚያ ስታዪ ከበሩ ኋላ የፈረሰ የጡብ ግድግዳ አለ። ከግድግዳው ባሻገር ጭራሮ ላይ የተጋደመች እርቃን ሴት አለች፤ በእጇ የጋዝ ፋኖስ ይዛለች። ከኋላዋ ተራራማ ቦታና ብልጭ ብልጭ የሚል ፏፏቴ ይታያል።

ዋናው ነገር ፊቷ አለመታየቱ ነው። ዓይንሽን ወደ ቀኝ ብታደርጊ፣ ወደ ግራ ብታደርጊ አይታይም። ዱሻምፕ ቀዳዳውን፣ ጡቡንና አስተኛኘቷን አስልቶ ነው ያቆመው። ለሙዚየሙም ሥራው እንዴት እንደሚገጣጠም የሚያሳይ የመመሪያ ጥራዝ ከነፎቶው ትቶ ነው የሄደው። ቀዳዳ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ በትራፓኖ ከመብሳትሽ በፊት ከኋላው ያለው እያንዳንዱ ነገር ቦታውን መያዝ አለበት። ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚያየው። ከኋላው ተራ የሚጠብቀው የሚያየው የሰውዬውን ጀርባ ነው። ያ ጎንበስ ያለ ጀርባ ራሱ የሥራው አካል ሆኗል።

እዚህ ጋ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የዱሻምፕን ሥራ አደንቃለሁ፣ አልወደውም። ቀዳዳ ተመልካቹን አጮልቆ የሚያይ ሌባ ያደርገዋል። ከኋላ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም የተጋደመች ስትሆን ነገሩ ጣጣ አለው። አንቺ ጋ ዕቃ ስለሆነ ያለው ችግሩ ይቀንሳል። ነገር ግን ታንኳ የሚሠራውን ሰው ውስጥ አስቀምጬ ሲሠራ በቀዳዳ ይታይ የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ እሱን ተዪው። ደንገል ማሰር ከጥንት ጀምሮ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ነው። ይህ ሕዝብ ደግሞ ለረጅም ዘመን በንቀት ዓይን ሲታይ የኖረ ነው። በቀዳዳ የሚጨመርበት እይታ አያስፈልገውም። ታንኳዋን የሠራውን ሰው ገንዘቡን በአግባቡ ክፈዪው። ስሙ ይጻፍ ካለሽ በሩ ላይ ከአንቺ ስም እኩል ጻፊው። በሩንም ከመዝጋትሽ በፊት ሙሉዋን ያያት።

ከቀዳዳ ሌላም መንገድ አለ፤ የዘመናችን የጥበብ ሰዎች በየፊናቸው ሞክረውታል። ኦላፉር ኤሊያሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ኮፐንሃገን አጠገብ ባለው አርከን ሙዚየም 90 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ በጉም ሞላው። ውስጡ የገባ ሰው ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አሻግሮ አያይም። ሚሮስዋፍ ባልካ በ2009 ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ 13 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ሣጥን አቆመ፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዎልተር ደ ማሪያ በ1977 ጀርመን ካሰል ከተማ ላይ 1 ኪሎ ሜትር የናስ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረ፤ የሚታየው 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አናቱ ብቻ ነው፣ የቀረውን ማመን ነው። ሮበርት ባሪ ደግሞ በ1969 «ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ጋለሪው ዝግ ነው» የሚል ካርድ ላከ። እሱን ባሕር ዳር ብትሞክሪው ጓደኞችሽ ያሉት ይደርስብሻል፣ እኔም ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ነኝ።

ለአንቺ የሚቀርበው ግን አሜሪካዊው ጄምስ ቱሬል ነው። ጃፓን ናኦሺማ ደሴት ላይ አርክቴክቱ ታዳኦ አንዶ በነደፈለት የእንጨት ቤት ውስጥ በ1999 የተከለው ሥራ አለ። ሰው በቡድን ይገባል። ጨለማ ነው። ግድግዳ እየዳበሱ ሄደው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ምንም የለም። ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ፊት ለፊት ደብዘዝ ያለ ብርሃን መታየት ይጀምራል። ብርሃኑ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ማንም አይቸኩል ተብሎ አይለመንም፤ ዓይን በራሱ ጊዜ ነው የሚከፈተው።

ይህ ለባሕር ዳር ሰው የበለጠ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፀሐያችን ኃይለኛ ነው። ከሐይቁ ዳር ነፀብራቅ በቀጥታ መጥቶ ቀዳዳሽ ላይ ዓይኑን የሚያደርግ ሰው ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ዓይን ጨለማን በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ያን ያህል ማንንም አታቆሚም። ስለዚህ ከበሩ እስከ ቀዳዳው ድረስ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ አንድ ጊዜ የሚታጠፍ መተላለፊያ ሥሪ። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይነስ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይለፍ። በግድግዳው ላይ እጅ የሚይዘው ገመድ ዘርጊ። እዚያ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል የሚያቆይ ነገር አድርጊ፤ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ያኔ ደካማ ብርሃንም ይበቃሻል።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፣ ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቺፑድ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በሳሽ እንበል። ተመልካቹ ፊቱን ቢያስጠጋም ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ስላሉ ዓይኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ከዓይኑ እስከ ቀዳዳው የውስጥ ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። በ4 ሳንቲ ሜትር ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ካየ፣ በ3 ሜትር ርቀት 75 ሳንቲ ሜትር ያያል ማለት ነው። ታንኳዋ 4 ሜትር ብትሆን ከአምስት አንድ እጇ እንኳ አይሞላም። ያንን ከፈለግሽ ጥሩ። ሰፋ እንዲል ከፈለግሽ ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል በሞረድ አስፊው፤ ፊት ለፊት 1 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ግን እየተከፈተ ይሂድ። ያኔ 1 ሜትር ተኩል ታገኛለሽ። ማንም ከውጭ ልዩነቱን አያውቅም።

ስልክ ግን ያበላሽብሻል። መምጣቱ አይቀርም፤ ቲክቶክ ላይ ያላወጣው ሰው የሄደም አይመስለውም። የስልክ ሌንስ ሽፋሽፍት ስለሌለው ቀዳዳው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ከዓይን እጥፍ ሊጠጋ ያያል። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ብለሽ ብትለጥፊ የሚያነብልሽ የለም። የውስጥ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪና ቀዳዳውን በቱቦው ልክ አስፍተሽ አስገቢው። ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀቢው። አሁን ዓይን 70 ሳንቲ ሜትር ሲያይ ስልክ 79 ያያል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፎቶውም ጥቁር ውስጥ ያለ ትንሽ ክብ ይሆናል። ያን ይለጥፉት፣ ማስታወቂያሽ ነው።

ቱቦው ሌላም ጥቅም አለው፣ ጠርዙ ይጠረጋል። ክልላችን የዓይን ማዝ በብዛት ያለበት ነው። ብዙ ሰው ፊቱን የሚያስጠጋበት ነገር ስትሠሪ ይህን መርሳት አትችዪም፣ ተራ የዓይን ሕመምም አለ። በር ላይ የምትቆመው ልጅ ጠርዙን በአልኮል እየወለወለች ትዋል። ቱቦ ቁመቱን እየለዋወጥሽ አድርጊ፦ አንዱ 1 ሜትር ከ50፣ አንዱ 1 ሜትር ከ10፣ አንዱ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበል። ሁሉም አንድ ነገር አያሳዩ። ዝቅተኛው ውኃ የሚነካውን ሆዷን ያሳይ። አዋቂው ጎንበስ ካላለ የማያየውን ልጁ ቆሞ ያየዋል። ልጁም ለአባቱ ይነግረዋል። ከላይ ያዢልኝ ያልኩሽ የማያየው ሰው ድርሻ አንዱ ይሄ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ መብራት ላይ አትመኪ። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ አይገባኝም። ኮርኒስ የለውም ማለትሽ ደግሞ ሳታውቂው የሰጠሽኝ ትልቁ ነገር ነው። ቆርቆሮውን በሚስማር ብሺው። አንድ ቦታ ብቻ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል። ሌላውን ክፍተት ሁሉ ድፈኚ። ጣሪያው ከታንኳዋ 3 ሜትር ከፍ ቢል፣ ደንገሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። ያ ክብ የፀሐይዋ ምስል ነው። አይቆምም። እኩለ ቀን አካባቢ በደቂቃ ከ1 ሳንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ እያለ ይሄዳል። ታንኳዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አጋድሚያት። ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ባሕር ዳር አናት ላይ ናት። በዚያ ወቅት ነጠብጣቡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ምዕራብ ጫፏ ላይ ይጀምርና 9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ምሥራቅ ጫፏ ይደርሳል። 4 ሜትሯን ለመጨረስ 4 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል።

እንግዲህ ይህን ከቀዳዳሽ ጋር ደምሪው። 5 ሰዓት ላይ የመጣው አንድ እስር ያያል፣ 7 ሰዓት ላይ የመጣው ሌላ። ከነጠብጣቡ የሚመለሰው ብርሃን ዙሪያውን በጣም ደብዘዝ አድርጎ ያሳያል፤ መተላለፊያው ውስጥ ታግሦ የቆየ ሰው እሱንም ያገኛል፣ የቸኮለው አያገኝም። ማንም ታንኳዋን በአንድ ጊዜ ሙሉ አያያትም። ግድግዳውን ብታፈርሺው፣ በሩን ብትከፍቺው ብርሃኑ ይገባና ነጠብጣቡ ይጠፋል። መፈተኛውን አለፍሽ። ትኬት የምትሸጪ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያስገባ ይሁን። ጠዋት አይቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ተመልሶ ይምጣ። ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ተሸወድኩ አይልም። ሁለቱ ጓደኛሞች ያዩት ስለሚለያይም ቡና ላይ ይከራከሩበታል።

ግድግዳ ለማቆም ገንዘብ ካጠረሽ ሌላ አማራጭ አለ። ስስ ነጠላ ወይም ነጭ አጎበር ወጥሪ። ከተመልካቹ በኩል ብርሃን ሲወድቅበት ግድግዳ ይመስላል፤ ከኋላው ያለው ሲበራ ደግሞ ጨርቁ ይጠፋና ውስጡ ይታያል። አሜሪካዊው ሮበርት ኧርዊን በእንዲህ ያለ ስስ ጨርቅ ብዙ ሠርቷል። ያምራል። ለአንቺ ሥራ ግን የሚስማሩ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ጨርቁ መብራት ይፈልጋል፣ ልጆችም ይጎትቱታል።

ደንገል ሲደርቅ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሻማም ዕጣንም ክፍሉ ውስጥ አይግባ፤ ጨርቅና ጨለማም ስላለ ሁለተኛ መውጫ በር ይኑርሽ፣ ከውጭ አይቆለፍ። ጨለማ የሚያስጨንቀው ሰው መኖሩንም አትርሺ፤ መግቢያው ላይ ይነገረው። ሽታውን ግን አትከልክዪ። አዲስ የታጨደ ደንገል የራሱ ሽታ አለው። ሳምንቱ በገፋ ቁጥር አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል፣ ሽታውም ይለወጣል። ከግድግዳው ታች ሁለት ጣት ክፍተት ከተውሽለት መተላለፊያው ድረስ ይመጣል። ክፍተቱን በጥቁር ጨርቅ አልብሺው እንጂ ብርሃን እንዳያስገባ።

ፖስተሩ ላይ «ታንኳ» ብለሽ ጻፊ። ምን እንደሆነ መደበቅ የለብሽም፤ ሰው ምን እንደተሸፈነ ሲያውቅ ነው የሚታገሠው። «በአንድ ጊዜ ሙሉዋ አትታይም» ብለሽም ጨምሪበት።

ቀን ስትቆርጪ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለውን ያዢ። ወደ ታኅሣሥ ከወሰድሽው ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እኩለ ቀን ላይ ነጠብጣቡ ወደ ሰሜን 2 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሚስማሩን ያን ያህል ወደ ደቡብ ማስጠጋት ይኖርብሻል። የትኛውም ወር ይሁን፣ ቆርቆሮውን የምትበሺበትን ቦታ በወረቀት አስልተሽ ብቻ አትመኚው። በዕለቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ አውጪ፣ አንቺ ታች ቁሚ። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ግን አታስቢው፤ ክረምቱ ለሚስማርሽ ፀሐይ አይሰጥሽም፣ በቀዳዳውም ዝናብ ይገባል።